እናቴ ሰው አልበላችም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ?

ደብረ ማርቆስ የምኖር ጡረተኛ መምህርት ነኝ። 34 ዓመት እንግሊዝኛና ታሪክ አስተምሬያለሁ። ጋዜጣችሁን የምታመጣልኝ የልጄ ልጅ ናት። ባለፈው ሰሞን ስለ ሰው በላዎች ታሪክና ስለ ፊልሞቻቸው ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ደክሞበታል። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በእኛ አገር ሰው በላ የሚባል ነገር ከጭራቅ ተረት አልፎ አይታወቅም ይላል።

ኧረ ይታወቃል። እኔ በደንብ አውቀዋለሁ። እናቴን ሰው በላ ይሏት ነበር።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። የተወለድኩት ከሞጣ ወረድ ብሎ ባለ መንደር ነው። አፈሩን ከወንዝ ዳር ቆፍራ በጀርባዋ ታመጣለች። ትወቅጠዋለች፣ ትነፋዋለች። የተሰበረ ገል ፈጭታ ትጨምርበታለች፤ ያለዚያ እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። ጭቃውን በእግሯ ረግጣ ስታቦካ እኔም አብሬያት እረግጥ ነበር። ጋን፣ እንስራ፣ ምጣድ፣ ድስት፣ ጀበና ትሠራለች። በለስላሳ ጠጠር ታሸዋለች። ሲደርቅ በኩበትና በጭድ ታቃጥለዋለች። ገበያ ስንወጣ ሴቶቹ እንስራውን በጣታቸው እያንኳኩ ድምፁን ያዳምጣሉ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ይገዛሉ። ሳንቲሙን ግን እጇ ላይ አያስቀምጡም። መሬት ላይ ይጥሉላታል።

የአካባቢው እንጀራ የሚጋገረው በእናቴ ምጣድ ነበር። ወጡ የሚሠራው በእናቴ ድስት፣ ጠላው የሚጠመቀው በእናቴ ጋን ነው። እሷ ግን ቤታቸው አትገባም። ሠርግ አትጠራም። ሕፃን ያዘለች ሴት መንገድ ላይ ካየቻት የልጁን ፊት በነጠላዋ ትሸፍናለች። ቡዳ ናት ይላሉ። ቡዳ ደግሞ ይበላል።

ለዘንድሮ ልጆች ይህን ቃል ማስረዳት አለብኝ። ዛሬ «ቡዳ» ቀልድ ሆኗል። ፌስቡክ ላይ ቆንጆ ፎቶ የለጠፈች ልጅ ሥር «ከቡዳ ይጠብቅሽ» ብለው ይጽፋሉ። እኔ ባደግሁበት ጊዜ ቀልድ አልነበረም። «በላው» ሲባል በላው ማለት ነው። ቡዳ በዓይኑ ይበላል። ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል። የበላውን ሰው ከመቃብር ያወጣዋል፤ ከዚያ ወይ ሥጋውን ይበላዋል፣ ወይ አስነሥቶ ባሪያ ያደርገዋል። ጉትቻ ያላት ጅብ ተገደለች፣ በነጋታው የቀጥቃጩ ሚስት ሞታ ተገኘች የሚል ወሬ ያልሰማ የጎጃም ልጅ ያለ አይመስለኝም። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው ሁሉ ይጠረጠራል። ቤተ እስራኤሎችም እንዲሁ። ገበሬው ማረሻ ለሠራለት ሰው እህል ሰፍሮ ይሰጣል፤ ልጁን ግን ከእሱ ይደብቃል።

1963 ዓ.ም.፣ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ከተረፈ ጭቃ ለልጆች መጫወቻ ትሠራ ነበር። አውራ ጣት የምታክል ጀበና፣ የሳንቲም ስፋት ያለው ምጣድ። የጎረቤታችን ልጅ፣ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ተደብቆ መጥቶ አንዲት ጀበና ወሰደ። ማታ ትኩሳት ያዘው። በማግሥቱ አንገቱ ተገተረ፣ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት አሸቱት። ከዚያ ጥያቄው መጣ። «ማነህ? ከየት መጣህ? የት አገኘኸው?» እያሉ የሚጠይቁት ልጁን አይደለም፤ በላው የተባለውን ነው። በልጁ አፍ ይለፈልፋል ተብሎ ይታመናል። ልጁ እየቃዠ የእናቴን ስም ጠራ። ጀበናዋን እያሰበ ይሆናል፤ እኔ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የማስበው።

ማታ ችቦ ይዘው መጡ። «ልቀቂው! ልቀቂው አንቺ!» ይላሉ። እናቴ ወጥታ ቆመች። ከቀሚሷ ጫፍ ቀደው ወሰዱ። እሱን አቃጥለው ልጁን ሊያጥኑት ነው። እሷም አልተከላከለችም። እንደውም «በደንብ ቅደዱት፣ ይበቃ እንደሆነ» አለቻቸው። ልጁ እንዲድን ከእነሱ ባላነሰ ትፈልግ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሞተ። ልቅሶው ቤታችን ድረስ ይሰማል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ብትወጣ የበላችውን ታለቅሳለች ይሏታል። ባትወጣ በልታ ተኛች ይሏታል። መቃብሩን አርባ ሌሊት ጠበቁት፣ እንዳታወጣው። ከዚያ በኋላ ጭቃ ሲተርፋት ወደ ጉድጓዱ ትመልሰዋለች እንጂ መጫወቻ ሠርታ አታውቅም። ከጥቂት ወራት በኋላ አገር ለቅቀን ወጣን።

ካደግሁ በኋላ አንገት የሚገትረውንና የሚያነዘንዘውን ትኩሳት በጤና መጽሐፍ ላይ ሳነብ ያ ልጅ ፊቴ ላይ መጣ። ማጅራት ገትር ሳይሆን አይቀርም። መርፌ ቢያገኝ ምናልባት ዛሬ የልጅ ልጆች ያሉት ሽማግሌ በሆነ ነበር።

እንግዲህ «ሰው በላ» የሚል ቃል ባየሁበት ሁሉ ቆሜ የማነበው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። የእናንተንም ጽሑፍ ሁለቴ ያነበብኩት ለዚህ ነው። ጸሐፊው ያለፈው አንድ ነገር አለ፤ ልንገራችሁ።

ፈረንጆች ሰው በላን «ካኒባል» ይሉታል። ቃሉ የሕዝብ ስም ነበር። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ካሪብያን ደሴቶች ሲደርስ ያገኛቸው ሰዎች ስለ ጎረቤቶቻቸው ነገሩት። ካሪብ ወይም ካኒባ የሚባሉ አሉ፤ ሰው ይበላሉ አሉት። አንድ ዓይን ያላቸውና የውሻ አፍ ያላቸውም አሉ የሚል ወሬ አብሮ ተጻፈ። ቋንቋቸውን አያውቅም፤ በምልክትና በግምት ነው የተግባቡት። እኛ መንደር ጉትቻ ስላላት ጅብ ከሚወራው በምን ይለያል? ግን ወሬው ወሬ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1503 የስፔን ንግሥት ኢዛቤላ ሰው በላ የተባሉትን ማርኮ ባሪያ አድርጎ መሸጥ እንደሚቻል ፈቀደች። ከዚያ ወዲያ ባሪያ የሚፈልግ ሰው የአንድን ደሴት ሕዝብ ሰው በላ ናቸው ማለት ይበቃው ነበር። የሕዝቡ ስም ስድብ ሆኖ ቀረ። ባሕሩ ግን እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

በዚያው ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች የግብፅን ሬሳ ፈጭተው ይሸጡ ነበር። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ከሰው ራስ ቅል የተነጠረ ጠብታ ይወስድ ነበር። እሱ መድኃኒት ተባለ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አያምኑኝም ነበር።

እርግጥ ነገሩን በትክክል ያየ ፈረንጅም ነበር። ሞንቴን የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1562 ሩዋን ከተማ ላይ ከብራዚል የመጡ ሰዎችን አገኘ። በ1580 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እነሱ ጻፈ። ጠላታቸውን ገድለው ይበላሉ ይባላል፤ እሺ ይበሉ፣ ግን የሞተን ከመብላት በሕይወት ያለን ሰው ማሰቃየት አይብስም ወይ አለ። አገሩ በዚያን ጊዜ በሃይማኖት ጦርነት እየታመሰች ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን ያቃጥል ነበር። ይህን ሳነብ ችቦ ይዘው የመጡት ሰዎች ትዝ አሉኝ።

ለክርስቲያን ወገኖቼ ደግሞ ሌላ ነገር ላስታውስ። በሮም ዘመን ሰው በላ የተባሉት የእኛ የሃይማኖት አባቶች ናቸው። ሥጋ ወደሙ ሲባል የሰሙ አረማውያን፣ ክርስቲያኖች ሌሊት ተሰብስበው ሕፃን አርደው ይበላሉ ብለው አወሩ። ተርቱሊያኖስ የሚባለው የካርታጎ ጸሐፊ በ197 ዓመተ ምሕረት አካባቢ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምለው፣ በጻፈው የመከላከያ መጽሐፍ ለዚህ ክስ መልስ ሰጥቷል። ሺህ ዓመት ሳይሞላ ክርስቲያኖቹ ራሳቸው ያንኑ ክስ ወደ አይሁድ አዞሩት። እ.ኤ.አ. በ1144 በእንግሊዝ ኖርዊች ከተማ አንድ ልጅ ሞቶ ሲገኝ አይሁድ ገደሉት ተባለ። ከዚያ በኋላ የልጆች ደም ይፈልጋሉ የሚለው ወሬ በየአገሩ ስንት ሰው አስጨረሰ። የሞተ ልጅ አለ፤ ምክንያቱ አይታወቅም፤ አጠገቡ የሚጠላ ጎረቤት አለ። የእኛም መንደር ታሪክ ይኸው ነው።

እኔ ግን ሰው ሰውን በልቶ አያውቅም እያልኩ አይደለም። በልቷል። በራሳችን መጽሐፍ ቅዱስም ተጽፏል፤ ሰማርያ ተከብባ ስትራብ ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን በተራ ሊበሉ እንደተስማሙ መጽሐፈ ነገሥት ይናገራል። የእኛም ክፉ ቀን አለ። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች የመጣው፣ የከብት ደስታ የሚባለው በሽታ በሬውን ሁሉ ጨረሰው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አገሩ አለቀ። በሬ የሌለው ገበሬ በዶማ ለመቆፈር ሞከረ። ጅብ ሰው መፍራት ተወ። ሰው ሰውን የበላበት ቦታ እንደነበረ በጊዜው የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። አያቴ ስለዚያ ዘመን ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። የበሉትን ስትሰድባቸው ግን ሰምቼ አላውቅም። «እግዜር ይማራቸው» ነበር የምትለው።

አያችሁ፣ በእውነት ለበሉት እንዲያ እናዝናለን።

የኡራጓዮቹ ታሪክም እንደዚያ ነው። እናንተም ጠቅሳችሁታል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 13 ቀን 1972 አንድ አውሮፕላን 45 ሰው ይዞ አንዲስ ተራራ ላይ ወደቀ። ራግቢ የሚጫወቱ ወጣቶችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። በረዶው ላይ ሣር እንኳ የለም። የሞቱ ጓደኞቻቸውን ሥጋ በልተው በ72 ቀናቸው 16ቱ በሕይወት ተገኙ። ካቶሊኮች ናቸው፤ ነገሩን ከቁርባን ጋር አያይዘው ነው የተጽናኑት። እኔ ብሞት ብሉኝ ተባብለው ቃል የገቡም ነበሩ። በ2023 የወጣውን ፊልም ከልጅ ልጄ ጋር አይቼዋለሁ። አለቀስኩ። በዚያ ፊልም ውስጥ ሰው በላ አላየሁም። የተራቡ ልጆች ነው ያየሁት።

እንግሊዛዊው ፍራንክሊን የመራው የባሕር ጉዞ ላይ ግን ጽሑፋችሁ ቸኩሏል። እ.ኤ.አ. በ1845 ሁለት የእንግሊዝ መርከቦች 129 ሰው ይዘው በሰሜን በረዶ ውስጥ ጠፉ። በ1854 ጆን ሬ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም በዚያ የበረዶ አገር ከሚኖሩት ከኢኑዊት ሰዎች የሰማውን ይዞ መጣ። መርከበኞቹ በረሃብ ሲያልቁ እርስ በርሳቸው ተበላልተዋል አሉት። እንግሊዝ አበደች። ቻርልስ ዲክንስ ራሱ፣ ያን ሁሉ ስለ ድሀ የጻፈ ሰው፣ በመጽሔቱ ላይ የኢኑዊቶችን ቃል አጣጣለ። የእኛ መርከበኞች እንዲህ አያደርጉም አለ፤ ይልቁንም የገደሏቸው እነዚሁ አረመኔዎች ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ጠረጠረ። ኢኑዊቶቹ እውነቱን ነበር የተናገሩት። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በተገኙት አጥንቶች ላይ የቢላ ምልክት ታየ። በ2024 ደግሞ ከመኮንኖቹ አንዱ የሆነው የጄምስ ፊትዝጄምስ መንጋጋ በዘር ምርመራ ተለየ፤ እሱም ላይ ምልክቱ አለ። ጆን ሬ ግን እውነቱን በማምጣቱ ክብሩን አጣ። የበላው ሌላ፣ የተከሰሰው ሌላ። ዲክንስን ለተማሪዎቼ በፍቅር ነበር የማስተምረው። ይህን ሳነብ አዘንኩበት።

ከሁሉም ሆዴን የበላኝ የፎሬዎች ነገር ነው። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ተራሮች ላይ የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። የሞተ ዘመዳቸውን ይበሉ ነበር። በጥላቻ አይደለም። ትል ከሚበላው የሚወደው ሰው ቢበላው ይሻላል ብለው ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንድ በሽታ ሴቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይፈጅ ጀመር። «ኩሩ» ይሉታል፤ ድምፁ ከእኛው ቃል ጋር ቢገጥምም በእነሱ ቋንቋ መንቀጥቀጥ ማለት ነው። ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ መቆም ያቅታል፣ ከዚያ ሞት ነው። ከ2,000 በላይ ሰው ሞቷል። ሕዝቡ ምን አለ? ጠንቋይ ነው አለ። በመተት የገደለን ጎረቤት አለ ብሎ እርስ በርሱ ተካሰሰ። ካርልተን ጋይዱሼክ የሚባል ሐኪም በሽታው ተላላፊ መሆኑን አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ1976 ኖቤል ተሸለመ። የሚተላለፈው በለቅሶው ሥርዓት ነበር፤ አንጎሉን በብዛት የሚበሉት ሴቶችና ልጆች ስለሆኑ ነው እነሱ ያለቁት። ስታንሊ ፕሩሲነር ደግሞ የበሽታው ምክንያት ፕሪዮን የተባለ የተበላሸ ፕሮቲን መሆኑን አስረድቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ተሸልሟል።

ነገሩን ልብ በሉልኝ። እነሱ በእርግጥ ይበሉ ነበር። እርስ በርስ የተካሰሱት ግን ለዚያ አይደለም፤ በጥንቆላ ነው። እኛ ጋ ማንም ማንንም አልበላም። ሸክላ ሠሪዋ ግን በላች ተባለች። ልጅ ሲንቀጠቀጥ እዚያም እዚህም ሰው የሚያየው የሚጠላውን ጎረቤቱን ነው።

ወደ ፊልሞቹ ልምጣ፤ የጽሑፋችሁ ግማሽ እሱ ነውና። ተማሪ ሳለሁ ያየሁት የካርቱን ሥዕል አለ። አንድ ነጭ ሰባኪ ትልቅ ድስት ውስጥ ተቀምጧል። ሥሩ እሳት ይነዳል። ጥቁሮች ከበሮ እየመቱ ይጨፍራሉ። የክፍል ጓደኞቼ ሳቁ። እኔ ድስቱን ነበር የማየው። እንደዚያ ያለ ድስት የለም። የእናቴ ትልቁ ጋን እንኳ ሰው ቁጭ ብሎበት እሳት ቢነድበት አይችልም፤ ይፈነዳል። የሣለው ሰው ሸክላ ሲሠራ አይቶ አያውቅም ብዬ አሰብኩ። ሰው በላም አይቶ አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የኢጣሊያ ፊልም ደግሞ ያኖማሚ የሚባሉት የአማዞን ሕዝቦች ስም ለአረመኔ ሰው በላዎች ተሰጠ። ፊልሙ በጣም እውነት ከመምሰሉ የተነሣ ዳይሬክተሩ ሰው ገድለሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ ተዋንያኑ በሕይወት እንዳሉ ማሳየት ነበረበት። እሱ ከግድያው ክስ ነጻ ወጣ። የያኖማሚን ስም ነጻ ያወጣ ግን የለም። እነሱ የሚያደርጉት የሞተባቸውን ሰው አጥንት አቃጥለው አመዱን ከሙዝ ሾርባ ጋር እያለቀሱ መጠጣት ነው።

በፊልም የታወቀው ሰው በላ ሃኒባል ሌክተር ግን ሐኪም ነው። ሙዚቃ ያውቃል፣ ወይን ያውቃል፣ ንግግሩ ያማረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እሱን ሆኖ የተጫወተው አንቶኒ ሆፕኪንስ ኦስካር ወስዷል። ነጩ ሰው በላ ስምና ታሪክ አለው። ጥቁሩ ከበሮ ብቻ ነው ያለው። «ሮቢንሰን ክሩሶ» የሚለውን ልብ ወለድ በቀላል እንግሊዝኛ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ዓርብ የተባለውን አገልጋይ የሰው ሥጋ መብላት የሚያስተወው ክሩሶ ነው። ክሩሶ ራሱ ግን ደሴቱ ላይ የደረሰው አፍሪካ ባሪያ ሊገዛ ሲሄድ መርከቡ ተሰብሮበት ነው። ይህን ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ እነግራቸው ነበር። አብሬ የምነግራቸው ሌላ ሰው አለ፤ ኢኩዊያኖ ይባላል። በልጅነቱ ተሸጦ የባሪያ መርከብ ላይ ሲወጣ እነዚህ ቀይ ፊት ያላቸው ሰዎች ይበሉን ይሆን ብሎ እንደፈራ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ጽፏል። የእሱ ፍርሃት በእኔ እምነት ከፈረንጆቹ ፍርሃት ይልቅ ለእውነት ይቀርብ ነበር።

እኛም ብንሆን ተሥለናል። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እዚሁ ጎጃም ሰከላ መጥቶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቷል። አገሩ ሲመለስ ሐበሾች ከቆመች ላም ሥጋ ቆርጠው ይበላሉ ብሎ አወራ። ለንደን አላመነውም። ግን እኛን የሚያውቁን በዚያ ወሬ ሆነ። ስለ ምግባችን ሲወራብን እንዴት እንደሚያም እናውቃለን። ታዲያ ጣና ዳር ያሉትን ነገደ ወይጦዎች ጉማሬ በሉ ብለን ስንት ዘመን ተጸየፍናቸው?

አሁን ስለ በላኤ ሰብእ ልናገር። ጽሑፋችሁ አለማንሳቱ ገረመኝ። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሄደ ሰው ግድግዳው ላይ ተሥሎ ያየዋል። የቅምር ሰው ነው። ሚስቱንና ልጆቹን ጨምሮ 78 ነፍስ በላ። አንድ ቀን መንገድ ላይ የተጠማ ድሀ አገኘ። ስለ ሌላው ሁሉ ሲለምነው እንቢ አለ። ስለ ማርያም ሲለው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሲሞት 78ቱ ነፍስና ያቺ ጥርኝ ውሃ በሚዛን ተመዘኑ። እመቤታችን ጥላዋን ብትጥልበት ውሃው ደፋ። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት የሚነበበው ይህ ነው።

እናቴ ኪዳነ ምሕረትን አስቀድሳ አታውቅም ማለት ይቻላል፤ ከውጭ ግንቡ ጥግ ነበር የምትቆመው። ታሪኩን ግን በቃሏ ታውቀዋለች። አንድ የካቲት፣ እኔ አስተማሪ ሆኜ እሷ አርጅታ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እንዲህ አለችኝ። «እሱ ሰባ ስምንት በልቶ ማረችው። እኔ ስንት እንስራ ውሃ መቅጃ ሠራሁ፤ አንድ ሰው አልበላሁ። አገሬ ግን አልማረችኝም።» ከዚያ ሌላ ምንም ሳትናገር ቤት ደረስን።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሳደብ ይቀጣል ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ብረት የሚሠራውን ጠይብ እያላችሁ፣ ሸማ የሚሠራውን እየሰደባችሁ አገሩ እንዴት ይለማል ማለታቸው ነበር። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፏል። በ1976 ዓ.ም. ያጨኝ ሰው ነበር። ሽማግሌ ገብቶ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ዘር ተቆጠረና ቀረ። ስሙን አላነሳም፤ ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ቤተሰቦቹን ፈርቶ ነው። ባለፈው ጥር ደግሞ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ተኮሳትራ መጣች። የክፍሏ ልጆች ፊልም አይተው ሲያወሩ አንዷ፣ «የእናንተ ዘር ይበላ የለ እንዴ» ብላታለች። ልጅቱ ቀልዳ ነው። ከቤቷ ሰምታ ነው። የእኔዋ ግን፣ «እምዬ፣ ምንድን ነው የሚበሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። መምህርት ነኝ፤ መልስ አላጣሁም። አፌ ግን አልከፈት አለኝ። ማታ ነው ቁጭ አድርጌ የነገርኳት።

እና የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ያችን ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው እትም አርሙልኝ። ሁለተኛ፣ ቡዳ የሚለውን ቃል በመዝናኛ ገጻችሁ ለቀልድ አትጠቀሙበት። ጸሐፊያችሁ በጉዳዩ ከቀጠለ ደግሞ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ይሂድ። እ.ኤ.አ. በ1976 አፋር ውስጥ ቦዶ ላይ የተገኘ 600,000 ዓመት ገደማ የሆነው ራስ ቅል አለ። ቲም ዋይት የተባለው ተመራማሪ በድንጋይ ቢላ የተፋቀበትን ምልክት አይቶበታል። ሥጋው ተነሥቷል። ተበልቶ ይሁን ወይ በለቅሶ ሥርዓት፣ አጥንቱ አይናገርም፤ ተመራማሪዎቹም በላው ብለው አልፈረዱም። ያን ያህል ጥንቃቄ ለሞተ ሰው ተደርጓል። ከዚያ ወጥቶ አንድ ገበያ ይሂድና ሸክላ የሚሸጡትን ሴቶች ያነጋግር። ጎጃም ከመጣ እኔ ይዤው እዞራለሁ። ሞጣ መንገድ ላይ አሁንም የሚሠሩ አሉ።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ፎቶ ልኬያለሁ። የእናቴ ጀበና ናት። እጀታዋ ተሰብሮ በሽቦ አስረነዋል፤ ጥቁረቷ የእሳት ነው። ዛሬ ጠዋትም ቡና አፍልቼባታለሁ። ቦታ ካላችሁ አውጡልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የሸክላ ሠሪዋ ልጅ
ደብረ ማርቆስ